ፀጉር የሚቆጥረው በወር ነው፦ ለሚረግፍ ፀጉር መፍትሔ ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሀዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ባለ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ስቆም አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ስለ ፀጉሩ ሊጠይቅ የመጣን ሰው ገና ከበሩ እለየዋለሁ። ሌሎቹ ደንበኞች እስኪወጡ ይጠብቃል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ አንዳንዱም «ለወንድሜ ነው» ይላል። የፀጉር መርገፍ አይገድልም ተብሎ ይናቃል። መስታወት ፊት ቆማ ያለቀሰች ሴት ያየ ሰው ግን አይንቀውም። እነዚህ ሰዎች ያሳለፉትን ሲነግሩኝ፣ ከበሽታው እኩል የጎዳቸው መፍትሔ ፍለጋ ላይ የሠሩት ስህተት ሆኖ አገኘዋለሁ። ደጋግሜ ያየኋቸውን እነሆ።

የበሽታውን ስም ሳያውቁ መድኃኒት መግዛት

«ለሚረግፍ ፀጉር የሚሆን ነገር ስጪኝ» ይሉኛል። የፀጉር መርገፍ ግን እንደ ትኩሳት ምልክት ነው፤ ከጀርባው ያለው በሽታ ብዙ ዓይነት ነው። በዘር የሚመጣው ከግንባር ግራና ቀኝ ወይም ከአናት ላይ ዓመታት እየወሰደ ያሳሳል። ላሽ በድንገት ሳንቲም የሚያክል ለስላሳ ክብ ቦታ ይተዋል፤ የሚመጣውም የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ ነው። ቆረቆር ፈንገስ ነው፤ ቅርፊት ያወጣል፣ ያሳክካል፣ ፀጉሩን ከቆዳው አጠገብ ይሰብራል፣ ከልጅ ወደ ልጅም ይተላለፋል። የብረት ማነስና የታይሮይድ ዕጢ ሕመም ደግሞ ቆዳው ላይ ምንም ሳያሳዩ ፀጉርን ያራግፋሉ። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም።

አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ጎረቤቷ «ላሽ ነው፣ በነጭ ሽንኩርት እሺው» ብላት ሦስት ሳምንት ስታሸው የልጁ ቆዳ ተቃጥሎ ቆስሏል። ሐኪም ሲያየው ቆረቆር ሆኖ ተገኘ። ፈንገሱ የሚኖረው ፀጉሩ ውስጥ ስለሆነ ቆረቆር በሚቀባ ነገር ብቻ አይድንም፤ በሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ልጁ ግሪሲዮፉልቪን ለ8 ሳምንት ወሰደ፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ የተሻለ ስለሚሠራ ከእራቱ ጋር እንድትሰጠው ነገርኳት። በአንድ ማበጠሪያ የሚጠቀሙት ሁለት እህቶቹም ታዩ፤ አንዷ ላይ ጀምሯት ነበር። ዛሬ የልጁ ፀጉር ሙሉ ነው። የነጭ ሽንኩርቱ ጠባሳ ግን ከጆሮው በላይ አለ።

ምክንያቱን በዚህ ሳምንት ውስጥ መፈለግ

ይህ እኔም ላይ ደርሷል። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ አራተኛው ወር ላይ ማበጠሪያው እፍኝ እፍኝ ፀጉር ይዞ ይወጣ ጀመር። ትምህርቱን የተማርኩት ሰው እንኳ ሌሊት ተነሥቼ ትራሴን እመለከት ነበር።

የፀጉርን ኑሮ ማወቅ ፍርሃቱን ያቀልላል። ጤናማ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል። እያንዳንዱ ፀጉር ለዓመታት ያድጋል፣ ከዚያ ሦስት ወር ያህል ያርፋል፣ በመጨረሻም ይወድቃል። በእርግዝና ጊዜ አብዛኛው ፀጉር በእድገት ላይ ይቆይና ከወሊድ በኋላ ብዙው በአንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ይገባል። ከፍተኛ ትኩሳት ያለው ሕመም፣ ቀዶ ሕክምና፣ ድንገተኛ የክብደት መቀነስ፣ ከባድ ሐዘንም እንዲሁ ያደርጋሉ። ስለዚህ ዛሬ ለሚረግፈው ፀጉር ምክንያቱ ያለው ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት ነው። ሰዎች ግን ባለፈው ሳምንት የቀየሩትን ሻምፑ ይከስሳሉ።

እንዲህ ያለው መርገፍ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ገደማ ይረጋጋና ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል። በዚያ መካከል የተገዛው ዘይት ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል። ላሽም ትንሽ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ በብዙ ሰዎች ላይ በራሱ ጊዜ ይመለሳል። «እኔን ያዳነኝ ይህ ነው» ብሎ የሚምል ሰው አይዋሽም፤ ነገር ግን ያዳነው የተቀባው ነገር ይሁን ያለፈው ጊዜ በእርሱ ልምድ ብቻ አይታወቅም። የሌላ ሰው ልምድ ሲሰሙ አስቀድመው ይጠይቁ፦ በሽታው ምን ነበር? ስንት ወርስ ፈጀ?

የሚነቅለውን እንደያዙ የሚያበቅለውን መፈለግ

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነውና። እሁድ ማታ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች መካከል ወጣት ሴቶች ፓራሲታሞል ሊገዙ ይመጣሉ። ራሳቸውን የሚያማቸው በዚያው ቀን ስለተሠሩ ነው። የዕረፍት ቀናቸው አንድ፣ ገንዘቡም ትንሽ ስለሆነ ሹሩባው ወር እንዲቆይ «አጥብቂልኝ» ይላሉ። ሠሪዋም የምትመሰገነው ሥራዋ ቶሎ ስላልተፈታ ነው። ማንንም አልወቅስም፤ ኑሮው ያመጣው ነው። ግን ሕመም ያለበት ሹሩባ እየነቀለ ያለ ሹሩባ ነው።

በግንባርና በጆሮ ዙሪያ ጥቃቅን ብጉር መሰል እብጠት ከወጣ፣ ቆዳው ሲነካ ከቆጠቆጠ፣ የግንባሩ መስመር ከዓመት ዓመት ወደ ኋላ ከሸሸ ምክንያቱ ይኸው መወጠር ነው። በጊዜ ከተላላ ፀጉሩ ይመለሳል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ይጠፋና ቦታው ጠባሳ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀባ መድኃኒት የሚያነቃው ነገር አያገኝም። በኬሚካል የለሰለሰ ፀጉር ላይ የተሠራ ጠባብ ሹሩባ፣ ከባድ ሂውማን ሄር፣ በየቀኑ በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ማሰርም አደጋውን ያብሳሉ።

አንዲት የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ለግንባሯ ውድ ጠብታ ስትገዛ ፀጉሯ በዚያው ጥብቅ ሹሩባ እንደተያዘ ነበር። ጠብታውን አልሸጥኩላትም። ሹሩባውን ፈትታ፣ ወፈር ወፈር አድርጋ ግንባሯ ላይ ሳይወጠር እንድትሠራ፣ በመካከሉም ጥቂት ሳምንት እንድታሳርፈው ለመንኳት። ስምንት ወር ቆይታ ግንባሯን ልታሳየኝ መጣች፤ የሕፃን ፀጉር የሚመስል ለስላሳ ፀጉር ወጥቶ ነበር።

ሚኖክሲዲልን በስድስት ሳምንት መፍረድ

ሚኖክሲዲል መጀመሪያ ለደም ግፊት የተሠራ ክኒን ነበር። የወሰዱት ሰዎች ሰውነት ላይ ፀጉር ሲበዛ ታየና ለራስ ቆዳ የሚቀባው ተዘጋጀ፤ አሜሪካ ውስጥ ለወንዶች የተፈቀደው በ1988 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በዘር ለሚመጣ መሳሳት በእርግጥ ይሠራል። ሰዎች የሚሳሳቱት አጠቃቀሙ ላይ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉሩ ይበልጥ ሊረግፍ ይችላል፤ ያረፈው አሮጌ ፀጉር ለአዲሱ ቦታ እየለቀቀ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ደንግጦ ብልቃጡን ይጥላል። ለውጥ መታየት የሚጀምረው ከአራት ወር ገደማ በኋላ ነው፤ በትክክል ለመፍረድ እስከ ዓመት መጠበቅ ይገባል። ጥቅሙ ታይቶ ሲያቆሙት ደግሞ የበቀለው በጥቂት ወራት ውስጥ ይረግፋል። ለሠርጉ ሲል ጀምሮ ከሠርጉ ማግስት ያቆመ ወጣት ይህን ማንም አልነገረውም ነበር።

ስለዚህ ሒሳቡን አስቀድመው ይሥሩ። 60 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ፣ 1 ሚሊ ሊትር በቀን ሁለት ጊዜ ከሆነ፣ የሚቆየው 30 ቀን ነው። ቢያንስ ስድስት ብልቃጥ የመግዛት አቅም ከሌለ የመጀመሪያውን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ይህን ባንኮኒው ላይ በግልጽ እናገራለሁ። የሚቀባው በደረቅ የራስ ቆዳ ላይ እንጂ በፀጉሩ ዘለላ ላይ አይደለም። መጠኑን በእጥፍ ማሳደግ አያፋጥነውም፤ ልብ ምትን ሊያፈጥንና ፊት ላይ ፀጉር ሊያበቅል ይችላል። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች አይጠቀሙበትም። ክኒኑን ደግሞ ያለ ሐኪም ክትትል ማንም አይውሰድ።

የባልን ክኒን ለሚስት ማካፈል

ፊናስቴራይድ በ1 ሚሊ ግራም ለወንዶች የዘር መሳሳት የሚታዘዝ ነው። ባልና ሚስት አንዱን ክኒን ለሁለት ከፍለው ሲወስዱ ቆይተው የመጡበት ቀን ነበር። ይህ መድኃኒት የወንድ ፅንስን የብልት አፈጣጠር ሊያዛባ ይችላል፤ ያረገዘች ወይም ልታረግዝ የምትችል ሴት የተሰበረውን ክኒን በእጇ እንኳ መንካት የለባትም። በወንዶችም ላይ በጥቂቶቹ የወሲብ ፍላጎት መቀነስና የስሜት መጨፍገግ ያመጣል። ለፕሮስቴት የሚሰጠውን የደም ምርመራ ውጤትም በግማሽ ያህል ዝቅ ስለሚያደርግ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

ደም ሳይመረመሩ ቫይታሚን መቃም

ባዮቲን የሚባለው ቫይታሚን የሚያንሰው ሰው ጥቂት ነው፤ ገዢው ግን ብዙ ነው። በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ የታይሮይድና የልብ የደም ምርመራዎችን ውጤት ስለሚያዛባ፣ ምርመራ ካለብዎት ለሐኪምዎ ይንገሩ። ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ራሱ ፀጉር ያራግፋል። ለብዙ ሴቶች የሚጠቅመው የብረት ክምችትን የሚያሳየው የፌሪቲን ምርመራ ነው። ብረት ከታዘዘላችሁ ደግሞ ከቡናውና ከሻይው ራቅ አድርጋችሁ ውሰዱት፤ ሁለቱም ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል።

ስለ ቅቤ ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። ለጋ ቅቤ የወጣውን ፀጉር ያለሰልሳል፣ ከመሰበርም ያግዘዋል፤ እናቴ ቀብታኝ አድጌአለሁ፣ ለልጆቼም እቀባለሁ። ከሥር ግን አያበቅልም። ስም በሌለው ብልቃጥ የሚሸጥ «ቅልቅል ቅባት» ግን ሌላ ነገር ነው፤ ውስጡ ስቴሮይድ የሚባል ብርቱ መድኃኒት ካለ ቆዳን ያሳሳል፣ ስለዚህ የተጻፈበት ነገር ከሌለ አይንኩት።

ንቅለ ተከላ ሁሉን ይጨርሳል ብሎ ማሰብ

ቱርክ ድረስ ሄደው የተተከሉ ሁለት ደንበኞች አሉኝ። ንቅለ ተከላ አዲስ ፀጉር አይፈጥርም፤ ከማጅራት በላይ ያለውን ወደ ፊት ያዛውራል። የተተከለው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይረግፍና እንደገና ይወጣል፤ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ከዓመት በኋላ ነው። በዙሪያው ያለው የቀድሞ ፀጉር ግን መሳሳቱን ይቀጥላል፤ አንደኛው ይህን ሳያውቅ ለመሳሳቱ ይወስደው የነበረውን መድኃኒት አቁሞ ከተተከለው ጀርባ ክፍተት ወጣበት።

በሻሽ ሸፍኖ ዓመት መጠበቅ

የአርባ ሁለት ዓመት ሴት ናት። አናቷ ላይ ጀምሮ ወደ ዙሪያ እየሰፋ የሚሄድ መሳሳት ነበረባት፤ ያቃጥላታል፣ አንዳንዴም እንደ ጉንዳን ይወርራታል። ሦስት ዓመት ሙሉ በሻሽ ሸፍናው ኖረች። ሻሹን ስታነሣ ቆዳው አንጸባራቂ ነበር፤ የፀጉር መውጫ ቀዳዳ አይታይበትም። መቃጠል፣ ሲነካ ማመም፣ መግል፣ እንዲህ ያለ ማንጸባረቅ ሲታይ ሳምንት ማደር እንኳ የለበትም፤ ሥሩን የሚያጠፋ ዓይነት ነውና የቆዳ ሐኪም ማየት አለበት። ጥቁር ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃ አንድ ዓይነት ከአናት የሚጀምር አለ፤ የእርሷም እርሱ ነበር።

ሐኪሙ ከቆዳዋ ትንሽ ናሙና ወስዶ አስመረመረ። የጠፋው እንደማይመለስ፣ ጠርዙን ግን ማቆም እንደሚቻል ነገራት፤ በራስ ቆዳ ውስጥ የሚሰጥ መርፌና ለወራት የሚዋጥ ክኒን ጀመረች። በሽታው በቤተሰብ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ሴት ልጅ እንዳላትም ጠየቃት። አሥራ ስድስት ዓመት የሆናት አለች። ባለፈው ወር ክኒኗን ልትወስድ ስትመጣ ልጅቷን አስከትላ ነበር። ልጅቷ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብላ አናቷን ከፈል አድርጋ አሳየችኝ፤ ገና ምንም የለባትም። በቀጠሮዋ ቀን ከእናቷ ጋር አብራ ትገባለች።