ቅብ በሌለው መጥበሻ ሲያበስሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስቴንለሱም ሆነ ወፍራሙ ጥቁር የብረት መጥበሻ «ምግብ ይይዛል» እየተባለ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። እንቁላሉ ተጣብቆ የሚቀረው፣ ዓሣው የሚፈራርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በእሳት አያያዝና በችኮላ ነው።

ሳይግል ምግብ መጨመር

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የእንቁላል፣ የሥጋና የዓሣ ፕሮቲን በደንብ ያልጋለ ብረት ላይ ሲያርፍ፣ እየበሰለ ከብረቱ ጋር ይያያዛል። መጥበሻው አስቀድሞ ከጋለ ግን የምግቡ ገጽ ቶሎ ይደርቅና ቅርፊት ያወጣል።

ስቴንለሱን ባዶውን መካከለኛ እሳት ላይ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይጣዱት፤ ከዚያ ጥቂት ውሃ ጠብ ያድርጉበት። ውሃው ተንጫጭቶ ወዲያው ከደረቀ ገና ነው። ተድቦልቡሎ ወዲያ ወዲህ ከተንከባለለ ግሏል፤ ጠብታውን ከብረቱ ለይቶ የሚያንከባልለው ከሥሩ የሚወጣው የራሱ እንፋሎት ነው። አሁን ውሃው እስኪጠፋ ይጠብቁና ዘይት ያፍስሱ። ዘይቱ ቀጥኖ መጥበሻውን ሲያዳርስና ሲያብረቀርቅ ምግቡን ይጨምሩ። ዘይቱ ከጨሰ እሳቱ በዝቷል። ያልተነጠረ ቅቤ ደግሞ በዚህ ሙቀት ያራል፤ እንቁላል በቅቤ መጥበስ ከፈለጉ መጥበሻው ከጋለ በኋላ እሳቱን ቀንሰው አንድ ደቂቃ ያህል ይታገሡ።

ወፍራሙ ብረት ሙቀትን ቶሎ ስለማያዳርስ በትልቅ እሳት ከጣዱት መሀሉ ሲያቃጥል ዳሩ ቀዝቃዛ ይሆናል። ለእሱ ዝግ ያለ እሳትና ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይስጡት።

እርጥብ ምግብ መጣድ

በሥጋው ላይ ያለው ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ ሥጋውም ከመጠበስ ይልቅ ይቀቀላል። በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁት። ጨው ሊጣድ ሲል፣ አለዚያም ከ40 ደቂቃ በፊት ይነስነሱበት፤ በመካከሉ ከሆነ ጨው የሳበው ውሃ ገና ላዩ ላይ ነው። መጥበሻውን አጨናንቆ መሙላትም ያው ውጤት አለው፤ ሁለት ጊዜ ከፍሎ መጥበስ ይሻላል።

ሳይለቅ መገልበጥ

ጠርዙን በማንሻ ቀስ አድርገው ይሞክሩ። እምቢ ካለ አይታገሉት፣ አንድ ደቂቃ ይጨምሩለት። ቅርፊቱ ሲቀላ ራሱ ይለቃል። ወፈር ያለ ሥጋ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል።

ሥር የቀረውን ቡናማ ነገር ፈትጎ መጣል

እስካላረረ ድረስ የጥብሱ ጣዕም ያለው እዚያ ነው። ዘይቱን አጥልለው ግማሽ ኩባያ ሙቅ ውሃ ያፍስሱበትና በእንጨት ማማሰያ ይፋቁት፤ በ2 ደቂቃ ውስጥ ጥሩ ስጎ ይሆናል፣ መጥበሻውም በከፊል ይጸዳል።

ብረቱን በዘይት አብዝቶ ማሟሸት

ብረት መጥበሻ ሲሟሽ የተቀባው ዘይት በሙቀት ጠጥሮ ብረቱን ይሸፍነዋል። ይህ የሚሆነው ዘይቱ እጅግ ስስ ሲሆን ብቻ ነው፤ ከበዛ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ስለዚህ ከቀቡ በኋላ ምንም የቀረ እስከማይመስል ድረስ ይጥረጉት፤ በ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ ደፍተው ለ1 ሰዓት ያስቀምጡት፣ እዚያው ይቀዝቅዝ። 2 ወይም 3 ጊዜ ቢደግሙት ያምራል።

ይህን ሽፋን የሚያጠፋው ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ያለበትን ምግብ ለረጅም ጊዜ ማንተክተክና ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ነው። ለስላሳ የዕቃ ሳሙና አይጎዳውም፤ አጥበው ወዲያው እሳት ላይ ያድርቁትና በዘይት አበስ ያድርጉት።

በጋለበት ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ

ስስ መጥበሻ ይጣመማል፣ ወፍራሙ ብረት ሊሰነጠቅ ይችላል። በረድ እስኪል ይቆዩ። ስቴንለስ ውስጥ ደግሞ ጨው የሚጨመረው ውሃው ከፈላ በኋላ ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ ሥር የተቀመጠ ጨው ብረቱን ይበሳሳዋል።

ስቴንለሱ ካረረ በሽቦ ከመፈተግ ይልቅ ውሃና 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምረው 10 ደቂቃ ያፍሉት። ነጭ ነጠብጣብና የቀስተ ደመና ቀለም በኮምጣጤ ይለቃል። ቅብ የሌለው አልሙኒየም ላይ ግን ሶዳ አይጠቀሙ፤ ያጠቁረዋል።