ሥዕል ለምትሠሩ፣ ሥራው ከእጃችሁ ሳይወጣ በፊት

ሥዕል እየሠራችሁ መኖር ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሥራ ሸጣችሁ ገዢው ጠቅልሎ ከመውሰዱ በፊት በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ አስደግፋችሁ በደንብ ፎቶ አንሱት፣ ከዛ ደብተር ላይ ርዝመትና ስፋቱን፣ በምን ቀለም እንደተሠራ፣ ዓመቱን፣ ማን እንደወሰደውና ስንት እንደተሸጠ ጻፉ። እኔ ይሄን ሳላደርግ ስምንት ዓመት ቆየሁና አንድ ቀን ለኤግዚቢሽን የድሮ ሥራዎችሽን አምጪ ስባል ግማሹ የት እንዳለ እንኳን አላውቅም ነበር፣ በጣም ነው ያመመኝ። አሁን ከፎቶዎቹ ትንንሽ ፕሪንትና ፖስትካርድ አሳትሜ እሸጣለሁ፣ ሸራ በማይሸጥበት ወር የቤት ኪራዩን የሚሸፍንልኝ እሱና ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች የማስተምረው ነው። ማስተማርም በትዕዛዝ መሥራትም ደግሞ ከሥዕል መራቅ አይደለም እሺ፣ ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ራሱ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር፣ የአፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም መስታወትም፣ ያ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው፣ የትዕዛዝ ሥራ ነው። ጋለሪ ስትገቡ ከሽያጩ የሚወስዱት ኮሚሽን ስንት ፐርሰንት እንደሆነ፣ ፍሬምና ማጓጓዣ ማን እንደሚችል፣ ብሩ በስንት ቀን እንደሚገባላችሁ በጽሁፍ ያዙ። የሸራና የቀለም መግዣ ደግሞ ሽያጩ በገባ በዛው ቀን ለይታችሁ ሌላ አካውንት አስገቡት።