ከአራት ኪሎ ጂንካ፦ አያትና ልጆች ይዞ ረጅም መንገድ ለሚወጣ

ባለፈው ጥር የልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከግንፍሌ ተነስተን ጂንካ ድረስ በመኪና ሄደን ተመለስን። እናቴ፣ ባለቤቴ፣ ሦስቱ ልጆቻችንና እኔ በሃይሩፍ፤ ወንድሜና ሚስቱ ከኋላ በፒክአፕ። ከሃይሩፉ የመጨረሻውን ወንበር አስነቅለን ፍራሽ ዘረጋንበት። ለእናቴና ለሴቶቹ ልጆች መኝታ እሱ ነበር፤ የቀረነው ድንኳን።

የቀኑን መንገድ የቆረጥነው በእናቴ ጉልበት ልክ ነው። አርባ ምንጭ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ከ430 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ብርቱ ሾፌር በአንድ ቀን ይገባል። እኛ ግን ሆሳዕና አደርን። ጉልበቷ እንዳይደርቅ በየሁለት ሰዓቱ ቆመን እናንሸራሽራት ነበር። የመጀመሪያው ማረፊያችን ጢያ ነው፤ ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ። ልጆቹ የቆሙትን 36 ትክል ድንጋዮች እየቆጠሩ እግራቸውን አፍታቱ።

ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሌሊት ግቢያችሁ ውስጥ መኪናው ላይ እደሩ። እባካችሁ ይህን አትዝለሉት። እኛ አንድ ቅዳሜ ከብሎካችን ሥር አድረን እናቴ መወጣጫው ከፍ እንደሚልባት ያወቅነው ያኔ ነው። ሰኞ ምናለሽ ተራ ሄደን ከብረት የተበየደች ትንሽ ደረጃ አሠራን። በየማረፊያው መጀመሪያ የምትወርደው እሷ ነበረች።

መኪናውን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ አስፈትሹ። አንድ ጋራዥ የጎማ ኩሽኔታውን ግራሶ ቀይሬያለሁ ብሎ አስረከበን። ለሙከራ ደብረ ብርሃን ስንደርስ የኋላው ቀኝ ጎማ መሃሉ እጅ አያስጠጋም። ሌላ መካኒክ ሲፈታው አሮጌው ግራሶ እንዳለ ነው። ልጆቼን ጭኜ በረሃ ላይ ቢሆንስ ብዬ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ ከጋራዥ ስትወጡ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ንዱትና የአራቱንም ጎማ ሙቀት አወዳድሩ። ከዚያ ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ)፣ የራዲያተር ቱቦና ፊውዝ ግዙ። ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) ሁለት ይሁን። ክሪኩንም በዓይን አይታችሁ ብቻ አትለፉት፤ መኪናውን አንስታችሁበት ሞክሩት።

ጣሪያው ላይ ባለው ፖርቶመጋላ ቀላል ነገር ብቻ ጫኑ፦ ድንኳን፣ ፍራሽ፣ ልብስ። ውሃ ከታች ይሁን። ለመጠጥና ለማብሰያ በሰው በቀን 5 ሊትር ያዝን። ለስምንት ሰው የሁለት ቀን 80 ሊትር ነው፤ አራት ባለ 20 ጀሪካን። ሁለቱን አንዱ መኪና፣ ሁለቱን ሌላው ይያዝ። ቡታጋዙ ሰው የሚተኛበት መኪና ውስጥ አይግባ።

ስንቅ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ። የቋንጣ ፍርፍር በአሥራ አምስት ደቂቃ ይደርሳል።

ከወላይታ ሶዶ በኋላ ነዳጁ ግማሽ ታንክ ሲቀር ሙሉ፤ ባዶ እስኪሆን አትጠብቁ። ክፍያው በስልክ ስለሆነ ቴሌብር ላይ ገንዘቡን አስቀድማችሁ አስገቡ። ኔትወርክ ስለሚጠፋ ሁለቱ መኪኖች የት እንደሚገናኙ ጠዋት ተነጋገሩ። እኛ የተስማማነው በየከተማው መውጫ ላይ ነው። ቀርፋፋው መኪና ከፊት ይሂድ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተነስታችሁ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቁሙ። ሲመሽ ከብቱ ከግጦሽ በአስፋልቱ ነው የሚመለሰው። የነገው መንገድ ሰላም መሆኑንና ጎርፍ አለመቁረጡን ደግሞ ማታውኑ መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያ በኩል የመጣ ሾፌር ጠይቁ። አላማረኝም ካለ እዚያው እደሩ።

አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ በ1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ሙቀቱም ወባውም አለ። አጎበር ያዙ፤ ስለ መከላከያ መድኃኒቱ ሐኪም አማክሩ፤ በተለይ ለልጆች። ጫሞ ሐይቅ ዳር ልጅ እጁን አይለቀቅ፤ አዞ አለ።

ኮንሶ ላይ አትቸኩሉ። በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2011 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ልጆቹን የገረማቸው ግን ተራራውን ሙሉ የከበበውን የድንጋይ እርከን ሰው በእጁ መካቡ ነው። የአካባቢውን አስጎብኚ ያዙ፤ ሰው ግቢ ዝም ተብሎ አይገባም። ፎቶም ቢሆን አስፈቅዳችሁ ነው። እናቴ ሰው እንደ ዕቃ አይታይም ብላ ስልኮቻችንን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ልክ ነበረች።

የቀይ አፈር ገበያ የሚቆመው ሐሙስ ነው፤ ጂንካ ከመግባታችሁ በፊት ታገኙታላችሁ። ቀኑን ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩት። ረቡዕ ኮንሶ፣ ማክሰኞ አርባ ምንጭ እረፍት፣ ሰኞ ከሆሳዕና አርባ ምንጭ። ከቤት የምትወጡት እሁድ ማለት ነው። እሁድ ጠዋት ደግሞ ከሜክሲኮ ጀሞ፣ ከጀሞ ዓለም ገና መንገዱ ክፍት ነው።