ሥራና ቤተሰብ ይዘው ማስተርስ ሊጀምሩ ሲያስቡ የሚፈጸሙ ስህተቶች

በዕድሜ ገፋ ብሎ ማስተርስ መማር ይቻላል። ብዙውን ሰው የሚጥለው ትምህርቱ ሳይሆን ከመመዝገቡ በፊት የሠራው ሒሳብ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት የኮርሱን ጊዜ ብቻ መቁጠር ነው። በመደበኛው መርሐ ግብር ማስተርስ 2 ዓመት ይፈጃል፤ አንዱ ለኮርስ፣ ሌላው ለመመረቂያ ጽሑፍ (ቴሲስ)። ጎልማሳ ተማሪ ኮርሱን በደንብ ይጨርሳል፤ ፈተናው ቀን ተቆርጦለታል፣ የክፍል ጓደኞቹም አብረውት አሉ። ቴሲስ ላይ ሲደርስ ግን ብቻውን ነው። መሥሪያ ቤቱ "ጨረሰ" ብሎ ሥራ ይደራርብበታል፤ አማካሪው ረቂቁን አንብቦ እስኪመልስ ሳምንታት ያልፋሉ። "ቴሲስ ብቻ ነው የቀረኝ" እያሉ ዓመታት የሚነጉዱባቸው ሰነፎች አይደሉም፤ መንገዱን አስቀድሞ ያሳያቸው ስላልነበረ ነው። ስለዚህ ሳይመዘገቡ አንድ ገጽ ይጻፉ፦ ጥያቄዬ ምንድን ነው? መረጃው የት ነው? የፈቃድ ደብዳቤውን ማን ይፈርማል? ርዕሱን ከሥራዎ ይውሰዱ። ድሬዳዋ ደረቅ ወደብ የሚሠራ ሰው የኮንቴይነር ቆይታን ቢያጠና መዝገቡ ቅርቡ ነው። ሐረር ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ግን የታካሚ ካርድ ከመግለጡ በፊት የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ስለሚያስፈልገው፣ ያንንም ጊዜ ይቁጠር። ገጹ አልሞላ ካለ አንድ ዓመት ይቆዩ።

ደመወዝ ይጨምራል ብሎ መጀመር። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝ በአብዛኛው የሚከተለው የሥራ መደቡን ነው። የሚፈልጉት መደብ የትኛውን የትምህርት መስክ እንደሚቀበል ከሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ ይጠይቁ።

መሥሪያ ቤቱ የሚከፍልልዎ ከሆነ የአገልግሎት ግዴታውን ውል እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ቢለቁ ዕዳው ለዋስዎም ይተርፋል፤ ዋሱም ይህን ያውቅ።

የግል ኮሌጅ ሲመርጡ "ፈቃድ አለው" የሚለው ወሬ አይበቃም። ዕውቅና የሚሰጠው ለፕሮግራሙና ለካምፓሱ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ካምፓስ ማግኘቱ ለድሬዳዋው አይሠራም። ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያጣሩ።

ኦፊሻል ትራንስክሪፕትን ለመጨረሻ ሳምንት ማቆየትም ብዙዎችን ያስቀራል። በ1996 ዓ.ም. ከተጀመረው ወጪ መጋራት በኋላ ተምረው ዕዳዎን ካልጨረሱ ሰነዱ ሊያዝብዎ ይችላል። ዛሬውኑ ይጀምሩት።

መንገዱንም አይናቁ። ከድሬዳዋ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ 40 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ያውም በደንገጎ ዳገት ነው፤ ከሐረር የዚያን ግማሽ ያህል። የቅዳሜና እሁድ ትምህርት ሠርጉንም ለቅሶውንም ይነካል፤ ቤተሰብ አስቀድሞ ይስማማበት።

የማጥኛ ሰዓትን በግምት መተው። ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ ሙቀቱ አያስነብብም። ከመመዝገብዎ በፊት ለአንድ ወር ከንጋቱ 11 እስከ 1 ሰዓት ተነስተው ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው (ጋት) ይዘጋጁ፤ በመቶኛና በንጽጽር ይጀምሩ፣ ከሒሳብ የራቀን ሰው ቀድሞ የሚይዘው እሱ ነው። በወሩ ስንት ቀን እንደተነሱ ቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ከ20 ቀን በታች ከሆነ ለጊዜው ክፍያ አይፈጽሙ።