ምጣድ በሌለበት ቤት እንጀራ መጋገር

ከአገር ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ አስጭኖ አሜሪካ ማስገባት የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። አያዋጣም። በ220 ቮልት 3,500 ዋት ገደማ የሚስብ ምጣድ በ120 ቮልት ሶኬት ላይ ሲሰካ ከ1,000 ዋት ብዙም አያልፍም። ይሞቃል እንጂ አይግልም፤ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል። እዚያ ያሉ ብዙ አበሾች ለኖርዌይ ስስ ቂጣ ተብሎ የተሠራውን ክብ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ይጠቀማሉ፤ ስፋቱ 40 ሳ.ሜ. ገደማ ነው፣ ጠርዝም የለውም። እሱም ከሌለ ቴፍሎን መጥበሻ ይበቃል።

መጥበሻው ከ28 እስከ 32 ሳ.ሜ. ቢሆን፣ ታቹ ወፍራምና ዝርግ፣ ጠርዙ ደግሞ አጭር ይሁን። ጠርዙ ረጅም ከሆነ እንጀራው ሲወጣ ይታጠፋል። ያልተቧጨረ መሆኑንም እዩ፤ ሊጡ መጀመሪያ የሚይዘው የተቧጨረው ቦታ ላይ ነው። አይዝጌ ብረትና አሉሚኒየም እንጀራ አይለቁም፣ አትድከሙ። የብረት መጥበሻ ይሆናል፤ ግን እንደ ሸክላ ምጣድ በደንብ መሟሸት አለበት።

ከመጥበሻው ይልቅ ሥራ የሚያበላሸው ክዳኑ ነው። እንጀራ አይገለበጥም፤ ላዩን የሚያበስለው የታፈነው እንፋሎት ነው። የሸክላ አክንባሎ እርጥበቱን ይመጣል፣ የመስታወትና የብረት ክዳን ግን ያንጠባጥባል፤ ጠብታው ያረፈበት ቦታ ይላቁጣል። ስለዚህ ክዳኑን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉና አራቱን ጫፍ ከላይ እጀታው ላይ ቋጥሩ። ጫፉ ወደ እሳቱ ከወረደ ይያያዛል። ልኩ የሆነ ክዳን ከጠፋ የሰፋ ድስት ክዳን ይሠራል፣ ዙሪያውን ገጥሞ እስከተቀመጠ ድረስ።

ሊጡ ለምጣድ ከምታዘጋጁት ትንሽ ቀጠን ይበል። ለ1 ኪሎ ጤፍ አንድ ኩባያ የቦካ ሊጥ በ3 ኩባያ ውኃ አብሲት ጣሉ፣ ማለትም እሳት ላይ እያማሰላችሁ አብስሉት፤ ለብ ሲል መልሳችሁ ቀላቅሉና ኩፍ እስኪል ጠብቁ። ከጭልፋ ሳይቆራረጥ የሚወርድ መሆን አለበት።

መጥበሻውን በመካከለኛ እሳት 5 ደቂቃ ያህል አሙቁ። የምድጃው ዓይን አብዛኛውን ጊዜ ከመጥበሻው ስለሚጠብ መሃሉ ቀድሞ ይግላል፣ ዳሩ ይቀዘቅዛል፤ ዳሩ ላይ ዓይን የሚጠፋው ለዚህ ነው። እሳት መጨመር አይፈውሰውም፤ መጥበሻውን አልፎ አልፎ እያሽከረከሩ ጊዜ መስጠት ነው። ባዶ ቴፍሎን ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ልባሱ መበላሸትና ጎጂ ጭስ ማውጣት ስለሚጀምር ኃይለኛ እሳት ላይ ጥላችሁት አትሂዱ። ለሙከራ አንድ ማንኪያ ሊጥ ጣል አድርጉ፤ በጥቂት ሰከንድ ዓይን ካወጣ ደርሷል። ዘይት አትቀቡ። ሊጡ ይንሸራተታል፣ ጀርባውም ይጠበሳል።

ለ30 ሳ.ሜ. መጥበሻ ከ120 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ሊጥ ይበቃል። መጥበሻውን ከእሳቱ ትንሽ አንስታችሁ ከዳር ወደ መሃል እያዞራችሁ አፍስሱ፣ ወዲያው ዘንበል ዘንበል አድርጋችሁ ክፍተቱን ሙሉ። ታቹ ከያዘ በኋላ ማዘንበል ድርብ እንጀራ ነው ትርፉ። መልሳችሁ ጣዱና ዓይኑ እስኪከፈትና ላዩ ማብረቅረቁን እስኪተው ጠብቁ፤ 40 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ቶሎ ከከደናችሁ ዓይኑ ይደፈናል። ከዚያ ከድናችሁ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ቆዩ። ዳሩ ራሱን ችሎ ሲነሳ በስሏል።

ጀርባው ከቡናማ ዘልቆ ከተሰነጠቀ እሳቱ በዝቷል። ዓይኑ ጥቂትና ትልልቅ ከሆነ ደግሞ ሊጡ ወፍሯል፤ ለብ ያለ ውኃ በሾርባ ማንኪያ እየጨመራችሁ ሞክሩ።

ሰፌድ በጠርዙ ምክንያት ከሥር አይገባም። መጥበሻውን በተዘረጋ ጨርቅ ላይ አዘንብላችሁ ነቅነቅ አድርጉ፣ ተንሸራቶ ይወርዳል። በሚቀጥለው ፊት መጥበሻውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ግማሽ ደቂቃ ያህል መልሶ ይጋል። ትኩሱን በትኩስ ላይ አትደርቡ፤ አልቦ ይጣበቃል። እያንዳንዱ ሲበርድ ደርቡና ጨርቅ አልብሱት።