ስትሮፕዋፍሉን ትኩስ ኩባያ ላይ ክደኑት

ለትምህርት ኔዘርላንድስ ያላችሁ፣ ዋገኒንገንም ሁኑ ዴልፍት፣ ከሱፐርማርኬት የገዛችሁት ስትሮፕዋፍል (መሃሉ ሽሮፕ ያለበት የኔዘርላንድስ ስስ ብስኩት) ደርቆ ጥርስ ላይ እየተጣበቀ ካስቸገራችሁ ይቺን ሞክሩ።

ትኩስ ቡና ወይም ሻይ በኩባያ ቅዱ። ከአፉ ሁለት ጣት ያህል ይጉደል። ከዚያ ስትሮፕዋፍሉን ልክ እንደ ክዳን ኩባያው ላይ አስቀምጡትና አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ጠርዙን በጣት ጫን ስትሉት እጥፍ ካለ ደርሷል። ለሁለት ስትከፍሉት መሃሉ ያለው ሽሮፕ እንደ ማር ይሳባል። የቀረፋው ሽታም ያኔ ነው የሚያውደው። በእውነት ሌላ ምግብ ነው የሚሆነው!

በሁለቱ ስስ ዋፍሎች መሃል ያለው ሽሮፕ ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል፣ ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ይላላል። እንፋሎቱም የታችኛውን ዋፍል ያለሰልሰዋል።

የኩባያው አፍ ከዋፍሉ ጠበብ ይበል፤ አለዚያ ዘጭ ብሎ ቡናው ውስጥ ይገባል። የእኛ ሲኒ ግን ለዚህ ትንሽ ነው፣ ሙቀቱ አይበቃም። ብዙ ካቆያችሁት ደግሞ ይላሽቃል። ገበያ ላይ ዓይናችሁ እያየ የሚጋገረውን፣ በተለይ የትውልድ ከተማው ሃውዳ ከሄዳችሁ፣ እዚያው በትኩሱ ብሉት። ይሄ ሁሉ አያስፈልገውም።

የምትጾሙ ማሸጊያውን አንብቡ። «ቦተር» ቅቤ ነው፣ «ሜልክ» ወተት፣ «ኤይ» እንቁላል። አብዛኛው ላይ ቢያንስ አንዱ አይጠፋም። «ቪጋን» የሚል የተጻፈበትም ግን ይገኛል።