«ዲኤልኤል ፋይሉ አልተገኘም» ሲላችሁ
ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጋችሁ፣ ፕሮግራሙንም አጥፍታችሁ እንደገና ጭናችሁ አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ምልክት፦ ፕሮግራሙን ስትከፍቱ «ኤምኤስቪሲፒ140» ወይም «ቪሲራንታይም140» የሚባል ፋይል ጠፍቷል የሚል መልእክት ይመጣል። ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው።

መንስኤ፦ ዲኤልኤል ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ፋይል ነው። እነዚህ ሁለቱ የሚመጡት «ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል» ከሚባለው የማይክሮሶፍት ጥቅል ጋር ነው። ጥቅሉ ካልተጫነ ወይም ከተበላሸ ፕሮግራሙ አይነሳም።

መፍትሄ፦ ጥቅሉን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዱ። ኤክስ86ንም (የ32 ቢቱን) ኤክስ64ንም (የ64 ቢቱን)፣ ሁለቱንም ጫኑ። ዊንዶውሳችሁ 64 ቢት ቢሆንም ፕሮግራሙ 32 ቢት ከሆነ የሚፈልገው ኤክስ86ን ነው። ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ጭኖ «አልሰራም» ይላል። ቀድሞ ተጭኖ ከሆነ «ሪፔር» (ጠግን) የሚለውን ምረጡ።

የጠፋው ፋይል ስም ላይ ያለውን ቁጥርም አንብቡ። 100 የ2010፣ 110 የ2012፣ 120 የ2013 ጥቅል ነው። አዲሱ ጥቅል እነዚህን የድሮዎቹን አይተካም። ስለዚህ የድሮዎቹን ቦታ ያዙ ብላችሁ አታጥፏቸው።

እባካችሁ፣ ፋይሉን ነጥለው ከሚሰጡ «ነጻ ዲኤልኤል» ድረ ገጾች ምንም አታውርዱ! አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ ሁለት ቀን ሲቀራት ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ዴስክቶፑ ላይ አስራ አንድ ዚፕ ፋይል ተደርድሯል። አንዱን ስታስገባ ፕሮግራሙ ሌላ ይጠይቃታል፣ ያንን ስታስገባ ደግሞ ሌላ። በመጨረሻ መልእክቱ ተቀይሮ በ«007ቢ» የሚያልቅ የስህተት ቁጥር መጣ። ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የ32 እና የ64 ቢት ፋይል ተደባልቋል ማለት ነው። እሷም የ32 ቢቱን «ሲስተም32» የሚባለው የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ከትታዋለች። አልፈርድባትም፣ ስሙ ያሳስታል። በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ «ሲስተም32» የ64 ቢት ፋይሎች ቤት ነው፤ የ32 ቢቶቹ «ሲስዋው64» ውስጥ ናቸው። ጥቅሎቹን መጫን ደቂቃዎች ብቻ ፈጀ። ያስገባቻቸውን ለቅሞ ማውጣት ግን ግማሽ ቀን በላኝ። አንዱ ውስጥ ደግሞ ቫይረስ ነበረ።

«በሬግኤስቪአር32 (ዲኤልኤልን ዊንዶውስ ላይ በሚያስመዘግበው ትእዛዝ) አስመዝግቡት» የሚል ምክርም አትስሙ። እነዚህ ፋይሎች የሚመዘገቡ ዓይነት አይደሉም።

የድሮ ጌም «ዲ3ዲኤክስ9» ብሎ የሚጀምር ፋይል ከጠየቀ፣ የጁን 2010ን የዳይሬክትኤክስ (ጌሞች ለግራፊክስ የሚጠቀሙበት የማይክሮሶፍት ጥቅል) ራንታይም ጫኑ። ዳይሬክትኤክስ 12 ቢኖራችሁም እነዚህን ፋይሎች አይዝም።

ትናንት ሲሰራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ የራሱን ፋይል ካጣ የአንቲቫይረሱን ኳራንታይን (የጠረጠረውን ፋይል የሚያግትበትን ቦታ) እዩ። ፋይሉ ክራክ ከተደረገ (ያለ ፈቃድ እንዲሰራ ከተሰበረ) ፕሮግራም ከሆነ ግን አትመልሱት።

የተበላሸው የዊንዶውስ የራሱ ፋይል ከሆነ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ክፈቱ። ዊንዶውስ የራሱን ፋይሎች የሚጠግንባቸውን ሁለት ትእዛዞች፣ መጀመሪያ የዲአይኤስኤምን «ሪስቶር ሄልዝ»፣ ቀጥሎ የኤስኤፍሲን «ስካንናው» አስኪዱ። ሲሄድ ቆሞ የተሰቀለ ሊመስል ይችላል፣ አታቋርጡት።

ጠግናችሁት በሳምንቱ ሌላ ፋይል ከተበላሸ፣ ሃርድ ዲስኩን ጠርጥሩ። ያኔ ሌላ ምንም ሳትነኩ ሰነዶቻችሁንና ፎቶዎቻችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ዲስክ የሚፈትሸውን የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ ቼክ ዲስክን፣ ከዚያ በፊት አታስኪዱ፤ ሊሞት የደረሰ ዲስክ ያንን ሁሉ ንባብ ላይችለው ይችላል።